ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ስም፦ ከኮሶ ሻጯ እስከ ካትሌሆንግ መድኃኒት ቤት

ይህችን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ አንድ ወንድማችን ካትሌሆንግ ከሚገኝ መድኃኒት ቤት ባዶ እጁን ሲወጣ የተናገራት አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። «አዩልኝ ጋሼ፣ ለእኛ ሲሆን መድኃኒቱም ይከለከላል» ነበር ያለኝ።

ካትሌሆንግ ከጆሃንስበርግ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ከጀርሚስተን ከተማ አጠገብ ያለ የጥቁሮች መኖሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 ተቆረቆረ። ስሙ በሴሶቶ ቋንቋ «የስኬት ቦታ» እንደማለት ነው። ከጎረቤቶቹ ከቶኮዛና ከቮስሎሩስ ጋር «ካቶሩስ» እየተባለ ይጠራል፤ እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 1994 የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስና የኢንካታ ደጋፊዎች ቤት ለቤት የተላለቁበት ሰፈር ነው። ዛሬ ደግሞ ከሆሳዕና፣ ከዱራሜና ከሌላውም የአገራችን ክፍል የመጡ ልጆቻችን በብረት ፍርግርግ ውስጥ ሆነው ዳቦ፣ ስኳር፣ የስልክ ካርድና የራስ ምታት ዱቄት የሚሸጡበት ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2019 ሱቆች ሲዘረፉና ሲቃጠሉ ካትሌሆንግም ከተነኩት ሰፈሮች አንዱ ነበር። ወንድማችን ያንን ያየ ሰው ነው። ስለዚህ «ጠልተውናል» ቢል አልፈርድበትም።

የሆነው ግን ይህ ነው። ጉሮሮው አብጦ ነበርና አሞክሳሲሊን ሊገዛ ገባ፤ እኔም አብሬው ነበርኩ። መድኃኒት ቤቷ የትልልቆቹ የንግድ ድርጅቶች ቅርንጫፍ ሳትሆን አንዲት ሴት ፋርማሲስት በግሏ የምታስተዳድራት ጠባብ ቤት ናት። ሴትዮዋ «ቡቲ፣ ያለ ሐኪም ማዘዣ አልሰጥህም» አለችው። እጥፍ ልክፈል አላት። ሳቀችና ወደ ጓዳ፣ መጋረጃ ወዳላት ትንሽ ክፍል አስገባችው፤ ጉሮሮውን አየች፣ ትኩሳቱን ለካች፣ ከዚያም የደም ግፊቱን ለካች። 190 በ110 ነበር። ዕድሜው 34 ነው። በወረቀት ጽፋ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ሂድ፣ ጉሮሮህን ተወውና ይህን አሳይ ብላ ሰደደችው። ገንዘብ አልተቀበለችም። እሱ የሰማው ግን የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ነው፤ «አልሰጥህም» የምትለዋን።

እኔ በበኩሌ ዓይኔ ያረፈው በሩ ላይ ባለው ሰሌዳ ላይ ነበር። ስሟ ተጽፎበታል፤ ከስሟ ሥር «ኃላፊ ፋርማሲስት» ይላል። ደረቷ ላይም ያው ስም አለ። አንባቢ ይህ ምን ይደንቃል ይል ይሆናል። እኔን ለምን እንዳስደነገጠኝ ወደ ኋላ አስረዳለሁ፤ መጀመሪያ ግን ወደ አገር ቤት ታሪክ ልመለስ።

የእኛ አገር መድኃኒት ሻጭ ታሪክ በስድብ ይጀምራል ብል ማጋነን አይሆንም። ዳግማዊ ቴዎድሮስ ገና ካሳ ኃይሉ ሳሉ ጠላቶቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ይሏቸው እንደነበር ሁላችንም በልጅነታችን የሰማነው ነው። ደጃዝማች ወንድይራድ የኮሶ ሻጯን ልጅ ይዤ አመጣለሁ ብሎ ፎክሮ ተሸነፈ፤ ካሳም ኮሶ አስጋቱት ይባላል። ይህ ወግ የሚነገረው ለጀግንነቱ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ከንጉሥ እስከ ባሪያ፣ በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ የማይጠጣ ሰው በሌለበት አገር፣ ኮሶ መሸጥ እንዴት ስድብ ሆነ? ሁሉም የሚፈልገውን ነገር የምታቀርብ ሴት እንዴት ተናቀች?

ያም ሆኖ ኮሶ ሻጯ አንድ ነገር ነበራት፤ ፊቷ። ገዢው ያውቃታል፣ ቤቷን ያውቃል። ኮሶ እየቆየ ሲሄድ ኃይሉን ያጣል፤ ሲበዛ ደግሞ ዓይን እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ያረጀ ኮሶ የሸጠች ሴት በሚቀጥለው ገበያ ማን ይጠጋታል? የኛ ጥንታዊ የመድኃኒት ቁጥጥር ይኸው ነበር፤ ገበያና ሐሜት። አውሮፓውያን በበኩላቸው እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ ኮሶን ወስደው በቁስጥንጥንያ በነበረው ሐኪም በብራየር ስም የሳይንስ ስም አወጡለት፤ ቀጥሎም በየመድኃኒት መዝገባቸው ሚዛንና መጠን ሰጥተው ጻፉት። እኛ ዘንድ በእፍኝ የሚለካው እዚያ በሚዛን ተለካ። ይህን የምለው እነሱን ለማሞገስ አይደለም፤ በባሕር ተጉዞ ያረጀ ኮሶ ገዝተው «አይሠራም» ያሉም ነበሩና።

ዘመናዊው መድኃኒት ቤት ወደ አዲስ አበባ የገባው በውጭ አገር ሰው ስም ነው። ከአድዋ ድል በኋላ እ.ኤ.አ. በ1896 የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ልዑክ በሽተኛ ያክም ነበር፤ ለብቻው የቆመ መድኃኒት ቤት ሲነሳ ግን ስሙ የሚጠቀሰው የጆርጂያው ተወላጅ ዶክተር ሜራብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 ገደማ የከፈተው መድኃኒት ቤት በትውልድ አገሩ ስም «ጆርጂያ» ይባል ነበር። ሰውየው በኋላ ስለ ኢትዮጵያ በሦስት ቅጽ መጽሐፍ የጻፈ ብርቱ ሰው ነው። በዚያን ጊዜ መድኃኒት ቤትና ባለመድኃኒቱ አንድ ነበሩ። ጥሩም ሆነ መጥፎ፣ ጠያቂው ማንን እንደሚጠይቅ ያውቃል።

ሕጉ የመጣው ብዙ ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 የፋርማሲ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1964 ደግሞ የሕግ ክፍል ማስታወቂያ ቁጥር 288 ወጥቶ የመድኃኒት ቤት ሥራ በደንብ ተገዛ። ያ ደንብ ንጉሡን፣ ደርግንና የሽግግሩን መንግሥት ተሻግሮ አዋጅ ቁጥር 176/1991 እስኪተካው ድረስ 35 ዓመት ያህል ሠርቷል። ከዚያ ወዲህ አዋጅ 661/2002፣ ቀጥሎም 1112/2011 ተከታትለዋል። እንግዲህ ሕግ አልነበረንም ማለት አንችልም። ፋርማሲው በፋርማሲስት፣ የመድኃኒት መደብሩ በድራጊስት፣ የገጠር መድኃኒት ቤቱ በጤና ረዳት ይመራል ተብሎ በወጉ ተደልድሎ ነበር።

በደርግ ዘመን መድኃኒት ቤቱ የሰው ስም አጣ። «ከነማ» ሆነ፤ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር። ወይም ቀይ መስቀል። ስለ እነዚህ ቤቶች ክፉ ለመናገር ምላሴ አይታዘዝልኝም፤ ዋጋቸው የታወቀ ነው፣ እናቴ የምታምነው እነሱን ብቻ ነበር። ከመስኮቱ ፊት ቆሞ «የለም» መባል ግን የዘመኑ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ነው። «የለም» ያለህን ሰው ስም አትጠይቅም፤ መንግሥት ነውና።

እ.ኤ.አ. ከ1991 በኋላ የግል መድኃኒት ቤት እንደ አሸን ፈላ። እዚህ ላይ ነው እኔም የምገባበት።

ከፋርማሲ ትምህርት ቤት ወጥቼ የመንግሥት ደመወዝ እየበላሁ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ አንድ ነጋዴ መጣና ፈቃድህን አከራየኝ አለኝ። ስሙንም ከተማውንም አልጠራም። አሠራሩን ሙያተኛ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሕጉ ባለሙያ ይኑር ይላል፣ ባለሙያው ወረቀቱን ይሰጣል፣ ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ባለሙያው በወር አንድ ቀን ብቅ ብሎ ገንዘቡን ይቀበላል። ተቆጣጣሪ ሲመጣ «አሁን ምሳ ወጥቶ ነው» ይባላል። እኔ ለሁለት ዓመት ያህል ምሳ ወጥቼ ነበር።

አንድ ቀን ኪራዬን ልቀበል ስሄድ ከመደርደሪያው በስተጀርባ የነጋዴው የእህት ልጅ ቆሟል፤ 16 ዓመት ቢሆነው ነው። ያን ቢጫና ቀይ የቴትራሳይክሊን ካፕሱል ይቆጥራል። ፊቱ የቆመችው ሴት ሕፃን አዝላለች። ካፕሱሉን ከፍታ ዱቄቱን ግማሽ ግማሽ እያደረገች ለልጁ እንድትሰጥ በትንሿ የወረቀት ፖስታ ላይ «1×3» ብሎ ጻፈላት። ቴትራሳይክሊን ከ8 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ እንደማይሰጥ፣ በማደግ ላይ ያለ ጥርስና አጥንት ውስጥ እንደሚገባ፣ ጥርሱንም ለዕድሜ ልክ እንደሚያጠቁረው እኔ በፈተና ላይ ጽፌ ውጤት ያገኘሁበት ነገር ነው። ቀና ስል ከልጁ ራስ በላይ ስሜ በመስተዋት ውስጥ ተሰቅሎ አየሁት። ሴትዮዋ ከፍላ ወጣች። እኔም ገንዘቤን ተቀብዬ ወጣሁ። አልጠራኋትም።

ይህን በአደባባይ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። የካትሌሆንጓ ሴት ሰሌዳ ያስደነገጠኝ ለምን እንደሆነ አሁን አንባቢ የተረዳኝ ይመስለኛል። በሁለቱም ቤት ስም ግድግዳ ላይ ነበር። በአንደኛው ቤት ከስሙ ሥር ሰውየዋ ቆማለች። በሌላኛው የለሁም።

ለመሆኑ የደቡብ አፍሪካ ሕግ ከእኛ በምን ይበልጣል? በጽሑፉ ብዙም አይበልጥም። የፋርማሲ ሕጋቸው የወጣው በአፓርታይድ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። እስከ 2003 ድረስ መድኃኒት ቤት ሊኖረው የሚችለው ፋርማሲስት ብቻ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ፈቃድ ያገኘ ነጋዴም ባለቤት መሆን ይችላል። ባለቤትነቱ ሲለቀቅ ግን አንድ ነገር አልለቀቁም፤ ኃላፊ ፋርማሲስቱ በስሙ ይታወቃል፣ ስሙም ሕዝብ በሚያይበት ይለጠፋል፣ ፋርማሲስት በሌለበት መድኃኒት አይታደልም፣ ጥፋት ሲገኝ የፋርማሲ ምክር ቤቱ የሚጠራው እሱን ነው። ማቀዝቀዣው በ2 እና በ8 ዲግሪ መካከል መሆኑ በየዕለቱ ይመዘገባል። የማዘዣ መዝገብ 5 ዓመት ይቀመጣል። መድኃኒቱ ሁሉ ከ0 እስከ 8 በደረጃ ተከፋፍሏል፤ ደረጃ 0 የሆነውን የወንድማችን ሱቅም ሊሸጠው ይችላል፣ አሞክሳሲሊን ግን ደረጃ 4 ነውና ሐኪም ሳያዝ አይወጣም። ሴትዮዋ እጥፍ ዋጋ ሲቀርብላት የሳቀችው ለዚህ ነበር። እጥፉ የስሟን ዋጋ አይሸፍንም።

ገነት ነው አላልኩም። ኮዴይን ያለበት የሳል ሽሮፕ የወጣቱ ስካር ሆኖ የቆየበት አገር ነው። ያቺ ሴትም ብትሆን በብረት ፍርግርግ ውስጥ ነው የምትሠራው። ለሰፈሩ ሰው ግን እንዲህ ያለች ቤት ከሱቅነት በላይ ናት። ናታልስፕሩት ይባል የነበረው የካትሌሆንግ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ ቮስሎሩስ ተዛውሯል፤ ከዚያ ወዲህ ለብዙው ሰው በእግር የሚደረስበት ነጭ ጋዋን የሚገኘው በክሊኒክና በእንዲህ ያለ መድኃኒት ቤት ነው። ለእኛ ሰዎች ደግሞ ከዚህም ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ2025 «ኦፕሬሽን ዱዱላ» የተባለው ቡድን በየክሊኒኩ በር ቆሞ መታወቂያ እየጠየቀ የውጭ ዜጋ ሲመልስ ነበር፤ የጆሃንስበርግ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት በኅዳር ከለከለው። ትእዛዙ ቢወጣም ፍርሃቱ ወዲያው አይለቅም። ወንድማችን ክሊኒክ ትቶ መድኃኒት ቤት የገባው ያንን ፈርቶ ነው። መታወቂያ ያልጠየቀችው ያቺው «ከለከለችኝ» ያላት ሴት ናት።

አሁን ወደሚያመው ነገር ልግባ። እዚህ አገር የኛ ልጆች የሚሠሩባቸው ሱቆች «ስፓዛ» ይባላሉ። ቃሉ በሰፈር ቋንቋ «የተደበቀ» እንደማለት ነው። የአፓርታይድ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጣው መመሪያ ጥቁር ነጋዴ ከአንድ ሱቅ በላይ እንዳይኖረው፣ ከዕለት ፍጆታ በቀር እንዳይሸጥ ስለከለከለ ሰው በመኖሪያ ቤቱ ጓዳ ተደብቆ ይነግድ ነበር። ስሙን ሰውሮ መነገድ ያን ጊዜ ጭቆናን ማምለጫ ነበር። ወራሾቹ እኛ ሆንን፤ መደበቁንም አብረን ወረስን።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 መጀመሪያ በሶዌቶ፣ ናሌዲ በተባለ ሰፈር 6 ሕፃናት ሞቱ። በምርመራ የተገኘው ተርቡፎስ የተባለ የእርሻ ፀረ ተባይ ነው። ቆሻሻ በማይነሳባቸው ሰፈሮች አይጥ ሲበዛ ይህ መርዝ በየመንገዱ «ሃሌፊሪሚ» እየተባለ በትንንሽ ላስቲክ ይቸበቸባል፤ ፀሐይ አትጠልቅም እንደማለት ነው፣ አይጡ ማታን አያይም። በሙያዬ ልናገር፤ ይህ መርዝ ነርቭን ከጡንቻ የሚያገናኘውን ሥርዓት ያውካል፣ ልጅ ምራቁ ይዝረበረባል፣ ትንፋሹ ያጥራል፣ በሰዓታት ውስጥ ያልቃል። ፕሬዚዳንት ራማፖሳ እ.ኤ.አ. በኅዳር 15፣ 2024 ለሕዝቡ ባደረጉት ንግግር በአገሪቱ ቢያንስ 22 ሕፃናት መሞታቸውን ተናግረው፣ ስፓዛዎች ሁሉ በ21 ቀን ውስጥ እንዲመዘገቡ አዘዙ፤ ጊዜው በኋላ እስከ የካቲት 28፣ 2025 ተራዘመ። ችግሩ የውጭ ሰዎች ሱቅ ብቻ እንዳልሆነ፣ የአገሬው ሰው ሱቅም ይህንኑ ምርት ሊሸጥ እንደሚችል ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው ተናግረዋል። የተቆጣ ሕዝብ ግን ይህን ዓረፍተ ነገር አይሰማም።

የመድኃኒት ሕግ በሌላውም አገር በሕፃናት መቃብር ላይ ነው የተጻፈው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1937 ዳይኤቲሊን ግላይኮል በተባለ መርዛማ ፈሳሽ የተበጠበጠ ሽሮፕ ከ100 በላይ ሰው ገደለ፣ ከሟቾቹ መካከል ልጆችም ነበሩ፤ በዓመቱ ጥብቅ ሕግ ወጣ። ይኸው ፈሳሽ እ.ኤ.አ. በ2022 በጋምቢያ ወደ 70 የሚጠጉ ሕፃናት ከሞቱ በኋላ ከውጭ በገቡ የሳል ሽሮፖች ውስጥ ተገኘ። ዘመኑ 85 ዓመት ተራርቋል፣ መርዙ ያው ነው።

ታዲያ የምዝገባው ትእዛዝ ሲወጣ በየሱቁ የተሠራው ምን ነበር? ዘመድ ስላለኝ ገብቼ አይቻለሁ። ቅጹ ላይ የቤት አከራይ አሮጊቷ ስም ገባ። ወይም የጎረቤት ወጣት። ወይም «የኛ ሰው» የምንለው የአገሬው ደላላ። ለስሙ በየወሩ ይከፈላል። ብዙዎቹ ልጆቻችን ወረቀታቸው በአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሳይወሰን ዓመታት እየተንከባለለ በስማቸው መመዝገብ ስላልቻሉ ነው፤ ይህን ሳልጠቅስ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ነገሩን ሳየው ግን ያ የተከራየ ወረቀቴ ትዝ አለኝ። ከአዲስ አበባ ይዘነው የመጣነው ጥበብ እዚህም ጠቀመን። ነገ አንድ ልጅ ታሞ «ይህ ብስኩት ከየት ተገዛ?» ሲባል፣ ስሟ ቅጹ ላይ ያለው አሮጊት ከየት ጅምላ ሻጭ እንደመጣ አታውቅም፤ የሚያውቀው ልጅ ደግሞ ቅጹ ላይ የለም። ሕግ የሚጠራው ሰው ሲጠፋ መንጋው የሚያገኘውን ይጠራል።

አገር ቤትም ተስፋ የሚሰጥ ነገር አይቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ2011 በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የተጀመረ አንድ የመድኃኒት ግብይት አሠራር አለ፤ እያንዳንዱ ክኒን ከመጋዘን እስከ በሽተኛው እጅ በቲኬት ይከተላል፣ በሽተኛው ዋጋው የተጻፈበት ወረቀት ይቀበላል፣ ሒሳቡ ይመረመራል። ከአማራ ክልል ተነስቶ ወደ ሌሎች ክልሎች ተስፋፍቷል። ይህን ሐሳብ ያፈለቁት በዚያው በሆስፒታሉ ዙሪያ የነበሩ ባለሙያዎች ናቸው። ሆስፒታል ውስጥ የተቻለ ነገር በግል መደብሮች ለምን እንደሚከብድ እኔ ከማንም የበለጠ አውቃለሁ፤ ወር በገባ ቁጥር ይከፈለኝ ነበር።

ወንድማችን በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ሄደ። የግፊት መድኃኒት ታዘዘለት፤ ማዘዣውን ይዞ ወደዚያችው ሴት ተመለሰ፣ አሁን «ሲሲ» እያለ ነው የሚጠራት። ባለፈው እሑድ ሱቁ ቁጭ ብለን ሳለ የምዝገባውን ወረቀት አውጥቶ አሳየኝ፤ አከራይዋ ኪራይ ልትጨምርበት ስለሆነ ምክር ፈልጎ ነው። የባለቤት ስም በሚለው ቦታ ላይ የእሷ ስም አለ። ስለዚያች ሕፃን ስላዘለች ሴት ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና፣ «ከዚያ በኋላ ወረቀትዎን መለሱ ጋሼ?» አለኝ። መለስኩ አልኩት። ወዲያው? አለኝ።

ከሰባት ወር በኋላ ነበር።